ማረፊያ ማን ናት?

ማረፊያዬ፣

«ለጤናሽ እንደምን ነሽ» ብዬ ልጀምር ስል እጄ ተያዘ። ያንቺን ጤና መጠየቅ ከቀረ ቆየ፤ የኔን የሚጠይቀው ሁሉ ደግሞ መልሱን ሳይሰማ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ሰላምታውን ዘለልኩት። ከትምህርት ቤትም የዘለልኩት ብዙ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ከተለየሽኝ ዓመት ከሁለት ሳምንት ሆነ። ሙት ዓመትሽን ሞጣ ላይ አውጥተን፣ እንግዳውን ሸኝተን፣ እኔም ቢቸና ተመልሼ ባጃጄ ውስጥ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፍልሽ። ተሳፋሪ ሲመጣ አቋርጣለሁ፣ ሲወርድ እቀጥላለሁ። ፊደሉ ከተንጋደደ ጥፋቱ የመንገዱ ነው።

የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። የተከልሽው ጌሾ አጥሩን አልፎ ጎረቤት ገብቷል፤ ጎረቤቶቹም ወደኛ መጣ ብለው ሳይሆን የኛ ነው ብለው ይቀጥፉታል። እናቴ ስምሽን መጥራት አልተወችም። በር ሲንኳኳ «ማረፊያ፣ እስቲ እዪ ማነው» ትላለች፤ ከዚያ ራሷ ትደነግጥና ራሷ ተነሥታ ትከፍታለች። ባጃጁ እንደድሮው ነው። ከኋላው ያጻፍኩትን ግን ፍቄዋለሁ። «ቀስ በሉ፣ እኔም ሚስቴ ጋ ነው የምሄደው» ይል አልነበር? አንቺ በሌለሽበት እንደ ሟርት ይነበባል። ተሳፋሪውም ፈራው።

ስምሽን ያገኘሽበትን ቀን አልረሳውም። ካባትሽ ቤት ከሞጣ ይታይሽ ተብለሽ ወጥተሽ ቢቸና ማረፊያ ሆነሽ ገባሽ። ያገራችን ደንብ ነው፤ ሙሽራ ባማቷ ቤት አዲስ ስም ይወጣላታል። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እናቴ ብቻዋን ስትባዝን ኖራ፣ አንቺን ከደጃፍ ስታይ «ተመስገን፣ ማረፊያዬ መጣች» አለች፤ ሰፈሩም በዚያው ጠራሽ። ያ ቅኔ ቤት ጥቂት የቆየው ሚዜዬ ጆሮዬ ላይ «ይህ ስም ሁለት በር አለው» አለኝ። ምን ማለትህ ነው ስለው «ተወው» አለኝ። እኔም ሳቅሁበት፤ ቅኔ የነካው ሰው ሁሉ ውሃ ሲጠጣም ወርቅ ይፈልጋል ብዬ።

ጋብቻችን በቁርባን ስለሆነ የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ደግሞ ወለተ ኪዳን ይልሻል። እንዲህ ሆኜ ነው ሦስት ስም ያላት አንዲት ሴት ያገባሁት። ስትቆጪኝ ይታይሽ ነበርሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ወለተ ኪዳን፣ የቀረውን ዘመን ሁሉ ማረፊያ።

ሁለት ዓመት አብረን ኖረን ለሥራ ቤሩት ሄድሽ። አሠሪዎችሽ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደዚያ በረዶ አገር ሲሻገሩ አንቺንም ይዘውሽ ተሻገሩ። የመኖሪያ ወረቀት ያገኘሽ ዕለት ደውለሽ «አሁን አንተን ነው የማስመጣው» አልሽኝ። «ባጃጄ አብራኝ ካልተፈቀደላት አልመጣም» አልኩሽ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋሽብኝ። ቀልዱን ያኔ መተው ነበረብኝ።

ባልሽ ለመሆኔ ማስረጃ አቅርቢ ተባልሽ። ገረመኝ። ቢቸና ላይ ባልሽ መሆኔን የማያውቅ ውሻ እንኳ የለም። ግን ውሻ አይፈርምም፤ ስለዚህ የሰርጋችን ፎቶ ተፈለገ። ፎቶ ሞልቶናል፤ እንደ ሰው የቆምኩበት ነው የጠፋው። ባንዱ ቬሎሽን ደፍቼ ሙሽሪት ሆኛለሁ። ባንዱ ካባዬን ለሚዜዬ አልብሼ፣ እሱን ካንቺ ጎን አስቀምጬ፣ እኔ ከኋላ ጃንጥላ ይዣለሁ። ደብዳቤዎቼም ተላኩ። ሁሉም «ይድረስ ለማረፊያ» ብለው ይጀምሩና «የቀድሞ ባልሽ» ብለው ያበቃሉ። ቀልዴ ነበር፤ እዚያ በረዶ የመሰለ ባል አግኝተሻል እያልኩ ላናድድሽ። አንቺ ስታነቢው ትስቂ ነበር። ማኅተም ያለው ተርጓሚ ግን ሳይስቅ ተረጎመው።

አንቺንም እዚያው ጠርተው ጠየቁሽ። «ባልሽ ምን ብሎ ነው የሚጠራሽ?» አሉሽ። አፈርሽ። የቤት ስምን ባዕድ ፊት ማውጣት ገመና መግለጥ መሰለሽ፤ «በስሜ፣ ይታይሽ ነው የሚለኝ» አልሽ። ይህን የነገርሽኝ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። አልፈርድብሽም። ያንቺ ጥፋት ማፈር ነው፣ የኔ ጥፋት አለማፈር።

እኔን አዲስ አበባ ኤምባሲያቸው ጠሩኝ። ዓባይን ወርጄ ወጥቼ፣ የሚዜዬን ኮት ለብሼ፣ ወረቀቴን በፌስታል አቅፌ ደረስኩ። መስታወት አለ፤ ከመስታወቱ ወዲያ አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ፣ ከጎኗ አስተርጓሚ። አስተርጓሚው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ጫማው ከኔ ፊት ይበልጥ ያበራል። «ሚስትህ አልጋው ላይ በየትኛው ጎን ነው የምትተኛው?» አለኝ። ይህ ጥያቄ ቢቸና ገበያ መሀል ቢጠየቅ ደም ያፋስሳል። ስደነግጥ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ፤ ሌላውን ሰው ላብ ያልበዋል፣ እኔን ቀልድ ያልበኛል። «በራሷ ጎን» አልኩት። የሚስትህ ስም አሉኝ፤ ይታይሽ አልኩ። ሴትዮዋ የቤተ ክርስቲያኑን ወረቀት አነሳች። ወለተ ኪዳንስ? የክርስትና ስሟ ነው አልኩ። ይህን አስተርጓሚውም ያውቀዋልና አለፈ። ከዚያ ደብዳቤዎቼን ደረደረች፣ ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈችና «ማረፊያ ማን ናት?» አለች።

አፌ የጣለኝ እዚህ ላይ ነው። «ሁለተኛዋ ሚስቴ ናት» አልኩ፤ «ከይታይሽ ጋር ባንድ አልጋ ነው የሚተኙት፣ አንድ ቀን ተጣልተው አያውቁም።» እስኪስቁ ጠበቅሁ። ቢቸና ላይ ብናገረው ሰው በሳቅ መሬት ይቀመጥ ነበር። አስተርጓሚው ቃል በቃል አቀበላት። ሴትዮዋ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈችው፤ ጣቶቿ ሲንኳኩ በመስታወቱ በኩል ይሰማኛል። ቶሎ ብዬ «ቀልዴን ነው፣ ማረፊያ ማለት ራሷ ይታይሽ ናት፤ እናቴ ያወጣችላት ስም ነው፣ ባገራችን አማት ለሙሽራ ስም ታወጣለች» አልኩ። አስተርጓሚው ወደሷ ዞሮ መልሷን ይዞልኝ ተመለሰ። «የቱ ነው ቀልዱ፣ የቅድሙ ወይስ ያሁኑ?»

በስንቱ ስቀልድ ኖሬ እንዲህ ያለ ቀልድ ተናግሬ አላውቅም። እሷ ግን አልቀለደችም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ብሮጥም አልደረስኩበትም።

መልሱ ከሁለት ወር በኋላ መጣ። የቀረበው ማስረጃ ጋብቻው እውነተኛ ለመሆኑ አያሳምንም ይላል። በዚያው ሰሞን እንደኔው ያመለከተ አንድ የአምበር ከተማ ልጅ ጥያቄውን አለፈ። ሚስት ተብዬዋን ባያት በሳምንቱ ነው የፈረመው፤ የወረቀት ጋብቻ። ደብተር ይዞ የጥርስ ብሩሿን ቀለም ሳይቀር ሲሸመድድ አይቼዋለሁ። እሱ ሸምድዶ አለፈ፣ እኔ ኑሮዬን ሳላጠና ገብቼ ወደቅሁ። ስምንተኛ ክፍልንም የወደቅሁት እንዲሁ ነው፤ የማውቀውን ነገር ማጥናት ያሳፍረኛል።

ስነግርሽ መጀመሪያ ሳቅሽ። «ባንድ አልጋ ነው የሚተኙት አልካቸው?» ብለሽ ሆድሽን እስኪያምሽ ሳቅሽ። ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። «ስሜነህ፣ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ብትመልስ ምን ነበረበት» አልሽኝ። ያቺ ቃል እስከዛሬ ባጃጁ ውስጥ ከኋላዬ ተቀምጣ ትሄዳለች። ወራጅ አለ አትልም።

ይግባኝ አልሽ። እኔም ሦስቱ ስም የአንዲት ሴት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ፍለጋ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ሰርጋችን ላይ ጠላ ሲቀዳ የዋለ ሰው ነው፤ መንገድ ላይ ባገኘሽ ቁጥር ማረፊያ እያለ ሲጠራሽ የኖረ። ሦስት ምስክር አምጣ አለኝ። አንተ ራስህ አንዱ አትሆንም ወይ ስለው «እኔ መንግሥት ነኝ» አለኝ። እናቴ ቀረበችለት። «ስሙን ያወጣሁት እኔ፣ ምስክሩ ለምን አስፈለገ» ብላ ተቆጥታ፣ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። ቀለሙ ሳምንት አልለቀቃትም። ለጎረቤት ሁሉ እያሳየች «ለማረፊያ ነው» ትል ነበር።

ደብዳቤው ተተርጉሞ ሄደ። መልሱን ስንጠብቅ ራሴን አመመኝ አልሽ። በሁለተኛው ሳምንት ስልክሽን ሌላ ሰው አነሳው፤ ሆስፒታል ናት አለኝ። አጠገብሽ ልቁም ብዬ ለአጭር ጊዜ እንድገባ አመለከትኩ። «ከታማሚዋ ጋር ያለዎት ግንኙነት አልተረጋገጠም» አሉኝ። አንቱ ብለው ነው የከለከሉኝ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ተራ ይዤ ስልክ ተደወለ፤ ያገር ሰው ነው፣ «አረፈች» አለኝ። ስምሽን የጠራ መስሎኝ «አቅርብልኝ» አልኩት።

በአራተኛው ቀን ወረቀት መጣ። ኢንተርኔት ቤት አሳተምኩት፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪው አነበበልኝ። የሟች ባለቤት እዚህ ላይ ይፈርሙ ይላል። ሆስፒታል ስትገቢ የቅርብ ሰው በሚለው ላይ አንቺው ጽፈሽኛል አሉ፤ ባል ብለሽ። ያንን አመኑ። ፎቶ አልጠየቁ፣ ምስክር አልጠየቁ፣ በየትኛው ጎን እንደምትተኚ አልጠየቁ። አብሬሽ ልኑር ስል ባልሽ መሆኔ አልታወቀም፤ ልቅበርሽ ሲሆን ታወቀ። ፈረምኩ። እጄ ሳይቀልድ የፈረመው የመጀመሪያው ወረቀት ያ ነው። የይግባኙ መልስ ደግሞ ቆይቶ ደረሰ፤ አመልካቿ በሕይወት ስለሌሉ መዝገቡ ተዘግቷል ይላል። እውነተኛ ነው አይልም፣ ሐሰት ነው አይልም።

አንቺን በሳጥን ላኩሽ። ሞጣ ካያቶችሽ ጎን አስቀመጥንሽ። ለሙት ዓመትሽ ድንጋይ አሠራሁ። አባትሽ «ይታይሽ ይበል፣ ያወጣሁላት እኔ ነኝ» አሉ። ካህኑ «የምናስባት በወለተ ኪዳን ነው» አሉ። እናቴ ምንም ሳትል ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ሦስቱንም ጻፈው አልኩት ቀራጩን። ሁለቱን ጻፈና ሦስተኛው ላይ ሲደርስ መዶሻውን አስቀመጠ። «ወንድሜ፣ ይህን ምን ያስጽፍሃል? መቃብር ማረፊያ መሆኑን የማያውቅ ማን አለ? ድንጋዩን በከንቱ አታስጨርሰኝ» አለኝ።

ሚዜዬ ቆሞ ነበር። አየኝና ቀና ማለት አቃተው። ሁለተኛው በር የቱ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

«የሚስቴ ስም ነው» አልኩት። ቀራጩ ቀልደኛነቴን ሰምቷል መሰል አላመነኝም፤ ዞሮ አባትሽን አያቸው። ይኸውልሽ፣ መቃብርሽም ላይ ማስረጃ ተጠየቅሁ። አፌ ላይ ቀልድ መጥቶ ነበር፣ ጥሩ ቀልድ፤ ዋጥኩት። «ስሟ ነው። እናቴ ናት ያወጣችላት። እኔም የምጠራት በሱ ነው» አልኩ። እንደ ሰው መለስኩ። እናቴ ተነሥታ ያችን አውራ ጣቷን ድንጋዩ ላይ አድርጋ «እዚህ ጋ ጻፈው ልጄ» አለችው። ጻፈው።

አሁን በዚያ የሚያልፍ እንግዳ ሦስት ሴቶች ባንድ ጉድጓድ የተቀበሩ ይመስለዋል። ባንድ አልጋ ተኝተዋል፣ ተጣልተውም አያውቁም። ያኔ ማንም ያልሳቀልኝ ቀልድ ድንጋይ ላይ ወጣ። አሁን እኔም አልሳቅሁበትም።

ቃል የምገባልሽ ብዙ አይደለም፤ ብዙ ብል አታምኚኝም። ከሦስቱ ስምሽ አንዱም እንዲጠፋ አልፈቅድም። በየዓመቱ ሞጣ እየመጣሁ ፊደሉ ላይ የበቀለውን ሣር አነሣለሁ። ማረፊያ ማን ናት ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ ሕፃንም ይሁን ዳኛ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልቀልድ እነግረዋለሁ።

ደብዳቤዬን በምን እንደምጨርስ ታውቂያለሽ። ውሸት በነበረበት ዘመን «የቀድሞ ባልሽ» እያልኩ ፈርሜያለሁ። ዛሬ እውነት ሆኗል ይሉኛል። አልጽፈውም።

ባልሽ፣
ስሜነህ