ለኮኪ፣ ጠረጴዛው ላይ ስላለው ሊጥ

ኮኪ፣

«ደሚቱ ከሹፌሩ ከበኃይሉ ጋር ናይሮቢ ልትጠፋ ነው» እያልሽ ለሰፈሩ ሁሉ ስታወሪ ሰንብተሻል። ዛሬ ውሃ የምታመጣልን ሴትዮ ሳትቀር እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ። በኃይሉ እኔንና ሻንጣዬን ኢሲዮሎ ከተማ ያደርሳል፣ በቃ። እዚያ ዳቦ ቤት ሥራ አግኝቻለሁ።

በፎጣ የሸፈንኩት ከሱቅ ፍሪዘር የገዛሁት ሊጥ ነው። ከሥራ እስክትመለሺ በረዶው ይለቀዋል። ትልቁን ድስት፣ ሱፉሪያውን፣ ዘይት ቀቢና ሊጡን በጣቶችሽ ጫፍ እየተጫንሽ ዘርጊው። መዳመጫ እንዳታስነኪው፤ ፒዛ ነው፣ ቻፓቲ አይደለም።

ኩፍ እስኪል ተይው። አትነካኪው። መቼም አያስችልሽም።

ከዚያ ዘይት፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቺዝ። ከሰሉ ከታች ጥቂት፣ ክዳኑ ላይ ብዙ ይሁን። ባለፈው ገልብጠሽ አድርገሽው አሳረርሽው፤ ለጎረቤት ግን ያሳረረችው ደሚቱ ናት አልሽ።

ትናንት ተናድጄ የተናገርኩሽን ክፉ ቃል የሰማው ግቢው ሁሉ ነው። ቺዙን ሳልቆርስ የተውኩልሽ ለዚያ ካሳ ነው።

ቁልፉ አከራያችን ጋ አለ።

ዳቦ ቤቱ የፈለገው ሁለት ሰው ነበር። ሁለተኛዋ አብራኝ የምትኖረው ኮኪ ናት ብያቸው ነበር። «እውነት ልትሄጂ ነው?» ብለሽ እስክትጠይቂኝ ጠበቅኩ፤ አንቺ ጎረቤት ጠየቅሽ። ዛሬ ጠዋት ደውለው በቦታሽ ሌላ ሴት ቀጥረናል አሉኝ።

ደሚቱ