ያላየሁት የቤት ሥራ

ጥቅምት 6

ዛሬ ተገላገልኩ። የቤት ሥራ ከእንግዲህ ማርክ የለውም! ለሰባተኛ ክፍሎቼ ስነግራቸው ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ሐሳቡ የምክትሏ ዳይሬክተር ነው፣ ከሥልጠና ይዛው የመጣች፤ እኔ ግን ከእሷ ብሼ ወድጄዋለሁ። የዓመቱን ሒሳብ በግብ በግብ ከፋፍዬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። «ክፍልፋይን በክፍልፋይ አካፍላለሁ።» «ቀላል እኩልታ እፈታለሁ።» ግቡን በፈተና ያሳየ «ችሏል» ይባላል። ያላሳየ «ገና»። እንደገና መፈተንም ይችላል። የቤት ሥራ ለልምምድ ብቻ። ድሮ ከመቶው ሃያ ለቤት ሥራ ነበር፤ ግማሹ ጠዋት በር ላይ ከጓደኛው ሲኮርጅ እያየሁ ሃያዬን ስሰጥ... ነውር ነበር እኮ!

ጉንዳኗ ብቻ አልጮኸችም። ጉንዳን ያላት ክፍሉ ነው፣ ሥራ ስለማታቆም። እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ቢሆንም ያዩልናል አይደል?»

«እንዴታ!» አልኳት።

ጥቅምት 27

በየወንበሩ እየዞሩ ራይት ማድረግ ቀረ። ስንት ጊዜ ተረፈኝ! ገብቼ በቀጥታ ማስተማር። ባሌ ባዶ እጄን ስገባ አይቶ፣ «ዛሬም ደብተር አልተሸከምሽም፤ ጡረታ ወጣሽ እንዴ?» አለኝ። የአናጺ ቀልድ። እሱ እንኳ ደስ ብሎታል።

ኅዳር 14

የክፍልፋይ ፈተና። ጉንዳኗ «ገና»። ቅር አለኝ... ግን ወደቀች ማለት እኮ አይደለም።

ታኅሣሥ 3

ደግማ ተፈተነች። አሁንም ገና። ወረቀቱን ስሰጣት፣

«ቲቸር፣ ገና እስከ መቼ ነው?»

«እስክትችዪ ድረስ ነዋ!» ያበረታታኋት መስሎኝ።

ወረቀቱን አጥፋ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ሌላ ምን ልበላት ኖሯል?

ጥር 8

ጉንዳኗ ዛሬም እጇን አላወጣችም። አሟት ይሆን?

የካቲት 11

ጉንዳኗ እኩልታውም ገና። መቶኛውም ገና። አምና በቤት ሥራዋ ሃያ ተደግፋ ነው ያለፈችው። ምርኩዟን ቀማኋት ይሆን? አይ... ምርኩዝ ይዞ ሩጫ የለም። ይህን ለምክትሏ ብነግራት ደስ አላት፣ በስብሰባ ላይ ንገሪልኝ አለች። ተናገርኩ። አጨበጨቡልኝም።

ሚያዝያ 9

የጉንዳኗ እናት መጣች። ፀጉር ሠሪ ናት፤ ደንበኛ አስቀምጣ ስለመጣች ጣቶቿ ላይ የፀጉር ቀለም አለ። አልተጣላችኝም። ብትጣላኝ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ ሰንፋብኝ ነው፣ ቲቸር?»

«ኧረ በፍጹም!»

«እስከ ጥር ድረስ እኮ ራት ቀርቦም አትነሳም ነበር፣ ሳትጨርስ። አሁን የቤት ሥራሽስ ስላት፣ ‹ማን ያየዋል› ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሒሳቡን አላውቀው...»

 ነገ ከትምህርት በኋላ አብሬያት እቀመጣለሁ ብዬ ሸኘኋት።

ማርኩን አስቀራለሁ ብዬ ማየቱንም አብሬ አስቀረሁት። ማን አዘዘኝ? ምክትሏ አትዪ አላለችኝም። ሥልጠናውም አላለም። ደክሞኝ ነበር፣ ተመቸኝ፣ ተውኩት። ይኸው ነው። «እንዴታ» ያልኩትም እኔው!

ሚያዝያ 10

ከትምህርት በኋላ ጉንዳኗን አስቀረኋት። ሰሌዳው ላይ አንድ ክፍልፋይ አካፍዪልኝ አልኳት። ጠመኔ ይዛ አሳምራ ጻፈች። ሁለተኛውን ክፍልፋይ መገልበጥ ሲገባት የመጀመሪያውን ገለበጠች። ሌላ ሰጠኋት። እንደዚያው። ሦስተኛ። እንደዚያው። ማባዛቱ ልክ፣ ማቃለሉ ልክ፤ ስህተቷ አንዲት ብቻ!

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትሠሪው?»

«ሁልጊዜ ነው። ልክ መስሎኝ።»

አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ቢሆን ኖሮ ባየሁት ነበር። ልጅቱ እኮ አልሰነፈችም፤ እስከ ጥር በየቀኑ ስህተቱን ስትለማመድ ነው የከረመችው። ሁለተኛውን ፈተና ስሰጣትም የፊተኛው ላይ ምን እንዳበላሸች አልነገርኳት። ገና ብቻ። አፈር ልብላ!

የትኛው እንደሚገለበጥ አሳየኋት። ሰሌዳውን ብዙ አየችው።

«ይኸው ነው?» አለች።

ይኸው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሰኔ 24

ሞክረን ነበር። ክፍልፋዩን በሁለት ቀን ቻለችው። በእሱ ላይ የተደረደረው ብዙ ነው፣ ጊዜ አነሰን። ሰባተኛን ትደግማለች።

ምክትሏን ለመንኳት፤ ለቤት ሥራዋ ትንሽ ማርክ ብንይዝላትስ? «አይያዝም ያልሽው አንቺው ነሽ። ለእሷ ከተያዘ ለሁሉም ነው፤ የሁሉንም አይተሻል?» አለችኝ። የማንንም አላየሁም። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ቤት ስገባ ባሌ ቀልድ ሊጀምር አፉን ከፈተና ፊቴን ሲያይ ተወው። አለቀስኩ።

መስከረም 25

የቤት ሥራ ዘንድሮም ማርክ የለውም። ሐሳቡ ልክ ነበር፣ አሁንም አምንበታለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዘንድሮ ጠዋት ጠዋት በየወንበሩ እዞራለሁ፤ ማርክ ለመያዝ ሳይሆን ለማየት። ወገቤን ቢያመኝም እጎነበሳለሁ። ልጆቹም ለምደውኛል፣ ገና ስገባ «ቲቸር የእኔን! የእኔን!» ነው።

ጉንዳኗ ከአዲሶቹ መሀል ተቀምጣለች። በቁመት ትበልጣቸዋለች። ጉንዳን ብሎ የሚጠራት የለም፤ ስሙን ያወጡላት ስምንተኛ ገብተዋል።

ዛሬ እሷ ጋ ደረስኩ። የቤት ሥራዋን ሠርታለች። ዳር ዳሩን ያየሁት ልክ ነው። ላየው ጎንበስ ስል ክንዷን ደብተሩ ላይ አጋደመችው። ተቆጥታ አይደለም። እንዲያውም ፈገግ ብላ ነው።

«ይተዉት ቲቸር፣ አይድከሙ። ራሴ አርመዋለሁ።»

እሺ አልኳት። ወደሚቀጥለው ወንበር አለፍኩ።