የዳማ አዲስ ጫማ

ሰኔ 9

ዝናብ። ትናንትም ዝናብ ነበር። አባባ ዝናቡ መሀል ቆመው መኪና ሲያጥቡ ዋሉ።

"አባባ፣ እየዘነበ እኮ ነው!"

"እኔ ሳሙናውን፣ አላህ ውሃውን። ተከፋፍለናል፣ ኢንተላ።"

ኢንተላ እኔ ነኝ፤ በኦሮምኛ ልጅት ማለት ነው። እንዲህ የሚል አያት ምን ይባላል? ምንም አይባልም።

መኪናው ዳማ ነው ስሙ። ቀይ ፒክአፕ፣ የእማዬ እኩያ። ድሮ ጅማ ውስጥ ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም ነበር የሚጠራው፤ አባ እንትና እየተባለ። አያቴ የራሳቸው ፈረስ ኖሯቸው አያውቅም። ግን እንዲሁ መቅረት አልፈለጉማ! ፒክአፑን ዳማ አሉት፤ ሄርማታ ገበያ ደግሞ እሳቸውን አባ ዳማ አላቸው። መታወቂያቸው ላይ ያለውን ስም እኔ ራሴ አስቤ ነው የማስታውሰው።

አባ ዳማ ከአርባ በላይ አይነዱም። ባጃጅ ይቀድማቸዋል። አንድ ቀን ጋሪ ቀደማቸው። "ፈረሱ ወጣት ነው" ብለው አለፉት።

ሌላው ጉዳቸው በርጩማቸው ነው። ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ እንጨት ተፈልፍሎ የወጣ፣ አባታቸው በእጃቸው የሠሩት። ከእሳቸው በቀር ማንም አይቀመጥበትም። ድመታችን አንዴ ተኝታበት ከቤት ከመባረር ለጥቂት ነው የተረፈችው። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ በርጩማው ይደበቃል፣ ከዚያ ሰላምታ...

ሰኔ 12

አያቴ አኮ ዘይቡ ዛሬ ከእህቷ ከአኮ ሳቢሃ ጋር በስልክ አወራች። ማውራት ከተባለ። ሁለቱም ጆሯቸው ደክሟል። ሁለቱም ይጮኻሉ፣ ሁለቱም አይሰሙም፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ከዚያ ይዘጋል።

ዛሬ ግን የአኮ ሳቢሃ ልጅ ስልኩን ተቀበለቻት። "ከአልጋ መነሳት ትታለች። ዘይቡን አምጡልኝ ነው የምትለው።"

አኮ ሻሿን አስተካከለች። "እሄዳለሁ" አለች።

በምን? ከሰርቦ ወደ አኮ ሳቢሃ መንደር የሚገባው መንገድ ክረምት ላይ መንገድ አይደለም፣ ገንፎ ነው። ሞተር ሳይክል ለአኮ ጉልበት አይሆንም። ዳማ ደግሞ አምና እዚያው መሀል በሆዱ ተቀምጦ ቀረ፤ እንቁላል እንዳቀፈች ዶሮ። በሬ ጠምደው ነው ያወጡት። አባባ እስከ ዛሬ አላገገሙም። ፈረስ በበሬ ሲጎተት! የበሬውን ነገር ካነሳሁ ሻያቸውን ትተው ይወጣሉ።

ስለዚህ በየቀኑ አነሳዋለሁ።

ሰኔ 15

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ጋራዥ ሄድን። ከአባባ ጋር እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ሲሰዳደቡ የኖሩ ወዳጅ ናቸው። ዳማ ሥር ተንፏቀው ገቡ፣ ጉልበታቸውን እያራገፉ ወጡ።

"አባ ዳማ፣ ይኼ ፈረስ አይደለም። ዳክዬ ነው። ሆዱ መሬት ነው።"

"አፍህን ያዝ! በትውልዱ ነው።"

"ተለቅ ያለ ቸርኬና ጎማ እንግጠምለት። ከሥር የሚሸከመውን ባሌስትራም ትንሽ እናነሳለታለን። ያኔ የሰርቦን ጭቃ ከላይ ሆኖ ነው የሚያየው።"

አባባ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። "ጫማው ሲቀየር... ያው ዳማ ይሆናል?"

"አንተ ኮንጎህን ጥለህ የቆዳ ጫማ ስታደርግ ሌላ ሰው ሆንክ?"

"ሆንኩ እንጂ! ዘይቡ ያገባችኝ በቆዳው ነው።"

ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ደግሞ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አባባ እሺ ሊሉ ነው። ለአኮ ብለው።

ሰኔ 18

ተገጠመ!

ክሪኩ ዳማን ከፍ አደረገው። አሮጌዎቹ ጎማዎች ሲወልቁ አባባ ፊታቸውን አዞሩ። አዲሶቹ አዲስ አይደሉም፤ የሌላ መኪና ልብስ ናቸው። ግን ጥርሳቸው ገና አልረገፈም። (ከአንዳንድ ሽማግሌ ይሻላሉ አልኩ። ሁለቱም ሰሙኝ።)

መሪው ሲዞር ጎማው ከላዩ ያለውን ቆርቆሮ፣ ፓራፋንጎውን፣ ፈገፈገው። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ የቆርቆሮ መቀስ አነሱ። አባባ ልጁን ሊያስገርዝ እንደመጣ አባት ዙሪያውን መሽከርከር... "ትንሽ ብቻ! ሀብቴ፣ ትንሽ ብቻ!"

ስንመለስ አስረዳኋቸው። ጎማው ሲተልቅ በአንድ ዙር ብዙ ይሄዳል። የፍጥነት መርፌው አርባ ሲል እኛ ከአርባ አልፈናል። ፊዚክስ ነው።

"መርፌው የማን ነው? የኔ ነው ያንቺ?"

"የእርስዎ።"

"አርባ ካለ አርባ ነው።"

ባጃጅ ቀደምን። ወላሂ።

ሰኔ 19

ዳማ ከአጥሩ በላይ ይታያል። አባባ በየሰዓቱ ወጥተው ያዩታል። "አልጠፋም እኮ" አልኳቸው።

ሰኔ 21

ከጠዋት ጀምሮ ቤቱ ሰርግ መሰለ። አኮ ቢጫ ሻሿን አሰረች። ለእህቷ ማር፣ ወፍራም ካልሲ፣ ብርቱካን ያዘች። አባባ የመኪናውን በር ከፈቱላት። በሕይወቴ ሲከፍቱላት አይቼ አላውቅም።

እግሯን አነሳች። አልደረሰም።

ሌላኛውን አነሳች። እሱም አልደረሰም።

ድሮም በስንት "ያ አላህ" ነበር የምትወጣው። አሁን ደግሞ...

የጭቃውን ጥልቀት አስበናል። የዳማን ሆድ ለክተናል። ፓራፋንጎውን ለክተናል። የአኮን ጉልበት ማን ለካ? መኪናው ከፍ ያለው ለማን ሆነና!

የለስላሳ ሳጥን አመጣሁ፤ ጭቃው ላይ ተንሸራተተ። የፕላስቲክ ወንበር አመጣሁ፤ እግሩ ተሰበረ። አባባ አቅፈው ሊያነሷት ሞከሩ።

"ተወኝ አባ ዳማ፣ አብረን እንዳንቀበር!" አለች እየሳቀች።

ተንበረከክኩና "ጀርባዬ ይኸው" አልኩ።

"ልጅ አይረገጥም።"

ከዚያ ሳቋ አለቀ። ቤት ገብታ ሻሿን ፈታች፤ አጣጥፋ አስቀመጠችው።

"ሂንድ፣ ደውዪላቸው። መንገዱ ነው በያቸው።"

"መንገዱ እኮ አይደለም..."

"ጉልበቷ ነው እንዳትዪ። መንገዱ ነው በይ።"

ደወልኩ። መንገዱ ነው አልኩ።

ሰኔ 22

አባባ ትናንት ራት አልበሉም። ዛሬም ቁርስ አልነኩም። ጋራዥ ሄድን።

"አሮጌውን ጎማ መልስልኝ" አሉ። ስድብ የለ፣ ምን የለ። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ደነገጡ።

"ብመልሰው ጭቃው ያስቀርሃል።"

"ብተወው ዘይቡን ያስቀርብኛል።"

እኔ መረገጫ ብረት ይበየድለት አልኩ። ጥሩ ሐሳብ ነበር! ግን መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ኤጋ፣ እንግዲህ ምን ቀረ?

ማታ ስልክ ተደወለ። አኮ ሳቢሃ ምግብ እንቢ ብላለች። አኮ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ቆየች።

መንገዱ ነው... ምን አስዋሸኝ?

ሰኔ 23

ደክሞኛል። ግን ሳልጽፈው አልተኛም።

ጠዋት አባባ ዳማን አስነስተው ደጃፉ ላይ አቆሙት። ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ በርጩማቸውን ይዘዋል። ከመኪናው በር ሥር፣ እዚያ ጭቃ ላይ፣ አስቀመጡት። እንዳይነቃነቅ በሁለት እጃቸው ተጫኑት። ሦስቱም እግሮቹ ሰመጡ።

ከትናንት ወዲያ ሳጥን ስንፈልግ፣ ወንበር ስንሰብር፣ በርጩማው እዚያው ሳሎን ነበር። ማንም አላየውም። እኔም አላየሁትም።

"ዘይቡ፣ ነይ ውጪ።"

አኮ አየችው። "በዚህ? የአባትህ እጅ ያረፈበትን? አስተግፊሩላህ፣ አልረግጥም!"

"ቢስሚላህ በይና ርገጪ።"

"ሰው ያየናል።"

"ይይ። የሰርጋችን ቀን፣ በዚያ በትውስት ፈረስ ስወስድሽ፣ ምን ረግጠሽ ነበር የወጣሽው?"

አኮ መሬት መሬት አየች። ወላሂ አፈረች! "ጉልበትህን" አለች።

"አሁን ጉልበቴ አይታመንም። ይኼ ይታመናል።"

ረገጠች። እጇን የአባባ ኮፍያ ላይ ጭና ወጣች። ሻሿን አስተካከለች፤ ከዚያ ከላይ ሆና "ቶሌ፣ እሺ በሉ፣ እንሂድ" አለች፤ እኛ ያዘገየናት ይመስል።

አምና የቀረንበት ቦታ ስንደርስ አባባ ትንፋሻቸውን ያዙ። እኔም ያዝኩ። ዳማ ተንገጫገጨ፣ ወደ ጎን አለ... ሆዱ አልነካም። ባለበሬው ሰውዬ ከዳር ቆሞ ያያል። አባባ መስታወቱን ዝቅ አድርገው እጃቸውን አወዛወዙለት፤ ድልድይ ሊመርቅ እንደመጣ ባለሥልጣን።

ስንደርስ በርጩማውን ይዤ ቀድሜ ዘለልኩ፤ አኮ በሱ ወረደች። አኮ ሳቢሃ ትንሽ ሆናለች። አልጋው ላይ ልጅ የተኛ ነው የሚመስለው። አኮ አጠገቧ ተጋድማ ጆሮዋ ሥር ገባች።

"ማነሽ?"

"ዘይቡ ነኝ።"

"ዘይቡ ጉልበቷ አይችልም።"

ታውቅ ነበር! መንገዱ ነው ያልኩትን ልጇ ስትነግራት አላመነችም።

"ዳማ አመጣኝ" አለች አኮ፣ ጮክ ብላ።

"በበሬ ተጎትቶ?"

ሳቄን ሻርፔ ውስጥ ቀበርኩት። አባባ ጣራውን ማየት ጀመሩ።

አኮ አጥሚት በማንኪያ እየቀዳች አጠጣቻት። አንድ... ትንሽ ቆይታ ሌላ። ጠጣች። አልሐምዱሊላህ። ሁለቱም እንደ ስልኩ ጊዜ ይጮኹ ነበር። ግን ዛሬ ይደማመጡ ነበር መሰለኝ።

ሐምሌ 7

በየሳምንቱ እንሄዳለን። አኮ ሳቢሃ ከአልጋ አልተነሳችም። ግን ትበላለች፤ አኮ ካጎረሰቻት።

መብራት መጣ። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ "መረገጫውን ልበይድልህ" ቢሉ አባባ "አያስፈልግም" አሉ። በርጩማው አሁን ዳማ ኋላ ላይ፣ ሸራ ሥር ታስሮ ነው የሚኖረው። አባባ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። መነሳት ሲያቅታቸው እኔ እጃቸውን ይዤ እጎትታለሁ።

"ፈረስ በበሬ..." ብዬ ስጀምር፣

"ጎትቺ፣ አትናገሪ!" ይላሉ።

ዛሬ ዝናቡ ጋብ ሲል በርጩማውን ላጥብላቸው ብዬ ውሃ ይዤ ወጣሁ። ሸራውን ገለጥኩ። መቀመጫው ላይ የአኮ የእግር ቅርጽ ደርቋል። ተረከዟ፣ የጫማዋ መስመር፣ ሁሉም አለ።

"አባባ፣ እኔ ሳሙናውን፣ እርስዎ ውሃውን!"

አልሳቁም። መጥተው እጄን ያዙኝ።

"ይኼ አይታጠብም፣ ኢንተላ።"

የምቀልድበት ነገር ፈለግኩ። ቆሜ ፈለግኩ።

ውሃውን የዳማ ጎማዎች ላይ ደፋሁት።