የእንግዳው ድምፅ የማን እንደ ነበር

ለውድ እህቴ ለእትዬ ማንያህልሻል፤

ከሁሉ አስቀድሞ የእግዚአብሔር ሰላም ካንቺና ከቤትሽ ሁሉ ጋር ይሁን። እንደምን ሰነበትሽ? ክረምቱን እንዴት አለፍሽው? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፤ የጉለሌን ዳገት አሁንም በእግርሽ ትወጪዋለሽ ወይስ ልጅሽ ሙሉወርቅ እየተቆጣች ታክሲ ታሳፍርሻለች? ስኳርሽን በየጊዜው ትለኪያለሽ? ዓይንሽንስ ያ ሐኪም ምን አለሽ? እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ብርዱ ሲገባ ወገቤን ያዝ ያደርገኛል እንጂ ሌላ የሚያሰጋ የለብኝም። ልጄ ህብረትም ደኅና ናት፤ ሥራዋ ላይ ናት፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ ትጀምርና በእንግሊዝኛ ትጨርሳለች።

ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲያወራኝ ሐሳቤ ይበተናል ብዬ ዛሬ ከሥራ ቀርቼ ለመጻፍ ተቀመጥሁ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ግራ የገባው ሰው የሚጽፈው ስለሆነ ቢዘበራረቅብሽ ታገሺኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢሩክ የሚባል ወጣት አለ፤ ከህብረት ጋር አንድ ዌርሃውስ፣ መጋዘን ማለቴ ነው፣ የሚሠራ፣ እዚሁ ኖርዝላንድ ሰፈር ከእኛ ሁለት ሕንፃ አልፎ የሚኖር። በ1978 ዓ.ም. የሠራነው ያ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ፣ «እንግዳው ከዘጠነኛዋ ዓለም»፣ ትዝ ይልሻል? እንዴት አይልሽ፣ የእንግዳውን ልብስ የሰፋሽው አንቺ! ቢሩክ ያኔ አልተወለደም። አባቱ ግን በቪዲዮ ካሴት ቀድተው ካስቀመጡት አራት ክፍል አግኝቷል። ከአሥራ ሦስቱ ክፍል የተረፈው ይኸው ብቻ ነው ይላሉ። እሱና ጓደኞቹ እየደጋገሙ ያዩታል፣ ይከራከሩበታል። ህብረት «መንኮራኩሩን የሠራው እኮ አባቴ ነው» ብትለው በማግሥቱ ሺፍቱን ለውጦ ቤታችን መጣ።

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሪከርድ እያደረገ ይጠይቀኝ ጀመር። መንኮራኩሩ ከምን ነበር ሲለኝ ከኮምፔንሳቶና ከዘይት ቆርቆሮ አልሁት። የመቆጣጠሪያው መብራትስ ሲለኝ የገና ዛፍ አምፖል ነው፣ ደራሲያችን አንድርያስ ከቤቱ ሲያመጣው ሚስቱ ሳምንት አኩርፋዋለች አልሁት። እንግዳውን ሆኖ የሚጫወተው ጀማነህ በዚያ በድንኳን ሸራ ልብስ ውስጥ በመብራቱ ሙቀት ሁለት ጊዜ ራሱን ስቶ እንደ ወደቀ፣ አንቺም ከጀርባው በመቀስ ቀድደሽ እንዳወጣሽውና ሲነቃ «ልብሴን ማን ቀደደው?» ብሎ እንደ ተጣላሽ ነገርሁት። ልጁ ሳቀ፤ እኔም ከባለቤቴ ከፀደይ ሞት ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ከዚያ ስለ ዶሮዋ ጠየቀኝ። የዘጠነኛዋን ዓለም መሬት ገለባና አመድ አልብሰን ስንቀርጽ የዘበኛው ዶሮ ገብታ በእንግዳው እግር ሥር ስትጭር እንደ ነበር ታስታውሻለሽ። ካሴቱ በቁጥር ስለሚሰጠን ደግመን ሳንቀርጸው ቀረ። ቢሩክ «ጋሼ ጎሹ፣ ዶሮዋ የምን ምሳሌ ናት?» አለኝ። «የዘበኛው ዶሮ ናት» አልሁት። «አይ ጋሼ፣ ሲሪየስሊ! የምሬን ነው!» አለኝ። ለካስ ምድርን ትወክላለች፣ የለም ጊዜን ነው የምትወክለው እያሉ ሲጨቃጨቁ ዓመት አልፏቸዋል። እንዲያ አክብረው ሲያወሯት ጊዜ እኔም ግራ ገባኝ፤ አንድርያስ ሆን ብሎ አስገብቷት ይሆን እንዴ አልሁ። አርባ ዓመት ያለፈውን ነገር ሰው ሲጠይቅሽ አንዳንዱ ከእጅሽ ያመልጣል፣ እትዬ። የማውቀው የመሰለኝን እንኳ በደንብ እንደማላውቀው የገባኝ ያን ቀን ነው።

ዋናው ጥያቄ የመጣው በመጨረሻ ነው። እንግዳው የሚናገረው ቋንቋ ምን ነበር አለኝ።

እኔም የማውቀውን ነገርሁት። አንድርያስ ማንም የማይገባው ቋንቋ ፈልጎ ነበር። ድምፁን ቀርጾ የቴፑን ክር ወደ ኋላ ማጫወት ይቻላል ያለው የድምፅ ሠራተኛው ኑረዲን ነው። ለማንበብ የተቀጠረችው ተዋናይት ያን ቀን ቀረች። አንድርያስ ወጥቶ «አራት ደቂቃ ሳይቆም የሚያነብ ሰው! ምንም ይሁን ምን!» እያለ ጮኸ። በቃሉ አራት ደቂቃ ሳይደናቀፍ የሚል ሰው የሚገኘው ጸሎት ከለመደ ቤት ነው። ስለዚህ ከዘጠነኛዋ ዓለም የመጣው እንግዳ ሲናገር የኖረው ወደ ኋላ የተገላበጠ የማታ ጸሎት ነበር። ጽሑፍ የሚመረምሩት ጓድ «እንግዳው ምን እንደሚል ትርጉሙ ይቅረብልኝ» ሲሉ፣ አንድርያስ የዘጠነኛዋ ዓለም ሕዝብ ምርቱን በእጥፍ ስላሳደገበት ሁኔታ አንድ ገጽ ፈጥሮ ጻፈ፣ ፀደይ በታይፕ መታችው፣ ማኅተም ተደርጎበት ተመለሰ። እኛ ጓዳ ገብተን አፋችንን በእጃችን ይዘን ነበር የሳቅነው።

ጸሎቱን ያለችው ማን ናት ሲለኝ ሳላመነታ «ባለቤቴ ፀደይ» አልሁት። ሠላሳ ስድስት ዓመት በትዳር ስንኖር ለሰው ሁሉ ሳወራው የኖርሁት ይህንኑ ነው። ኑረዲን ክሩን በትክክለኛው መንገድ ሲያጫውተው በተዘጋው በር በኩል ሰምቼ፣ እንዲህ የምትጸልይ ሴት ከቤቴ ትግባ ብዬ ሽማግሌ ላክሁ እያልሁ። አንቺም ስትሰሚኝ ኖረሻል።

ቢሩክ ያን ጊዜውኑ በኮምፒውተሩ ድምፁን መልሶ ገለበጠው። እትዬ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ጸሎቱ ቀጥ ብሎ መጣ። የሴት ልጅ ድምፅ፤ ለስለስ ያለ፣ ቃሉን የማይውጥ። ፀደይ ካረፈች ወዲህ ፎቶግራፏ በሽበሽ ነው፣ ድምፅዋ ግን የለንም። የሠርጉ ቪዲዮ ዘፈን ተጭኖበታል፤ በሌላው ሁሉ የምትቀርጸው እሷ ስለሆነች የምትታይበት የለም። ህብረት ከክፍሏ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ሰማችና «ኢት ኢዝ ማም»፣ እናቴ ናት ብላ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። አሁን ወደ ሥራ ስትነዳ በየጠዋቱ መኪናዋ ውስጥ ትሰማዋለች። እኔም ከጸሎቴ በኋላ እሰማዋለሁ። ሰምቼ አለቅሳለሁ፤ አልቅሼ ቀለል ይለኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ነገር ሰማሁ። ጸሎቱ ሊያልቅ ሲል «በዚህ ደጃፍ ላለፈም ሁሉ» ትላለች። ይህን የጨመረው አባታችን መሆኑን ታውቂያለሽ፤ በሌላ ቤት ሰምቼው አላውቅም። ፀደይ ከእኛ ቤት ገብታ አብራን የጸለየችው ከሠርጉ በኋላ ነው፤ ቅጂው ደግሞ ከሠርጉ በፊት ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ሄደ። ምናልባት አንድ ቀን እናታችንን ልትጠይቅ መጥታ ሰምታው ይሆናል እላለሁ። ምናልባት እኔው ነግሬያት ይሆናል እላለሁ። መልሼ ደግሞ፣ ያን ቀን እኔ መሰላል ላይ ሆኜ መብራት እንደያዝሁ ትዝ ይለኛል። መብራቱ ዓይኔን ይወጋኛል። አንቺ መጋረጃው ሥር የጀማነህን እጅጌ በመርፌ እያያያዝሽ ነበር፤ ፀደይም የተመታውን ጽሑፍ ይዛ መጥታለች። የድምፅ ክፍሉ በር ተከፈተ፣ አንዳችሁ ገባችሁ፣ ተዘጋ። ስወርድ ሁለታችሁም በሩ ላይ ቆማችሁ ትስቁ ነበር። ማን እንደገባች አላየሁም። አላየሁም፣ እትዬ! ያላየሁትን ነገር አርባ ዓመት እንዳየሁት አድርጌ ሳወራ ኖሬያለሁ።

ሌላም ያስጨነቀኝ አለ። ፀደይ ይህን ታሪክ ሳወራ አንድ ቀን እንኳ «አዎ፣ እኔ ነበርሁ» ብላ አታውቅም። ፈገግ ትልና ሻይ ልትቀዳ ትነሣለች። እኔ ትሕትናዋ ነው እል ነበር። አንቺም አጠገቧ ተቀምጠሽ ዝም ትያለሽ። አሁን ሳስበው እናንተ ሁለታችሁ ስለ እኔ አንድ ነገር የተስማማችሁ ይመስለኛል። ደግሞ ወዲያው፣ አንተ ጎሹ፣ የሞተችውን ሴት ዝምታ ትመረምራለህ ወይ ብዬ ራሴን እቆጣለሁ። በትዳራችን አልጸጸትም፤ ድምፁ የማንም ይሁን ያገባኋት እሷን ነው፣ ደግሞም ደጋግሜ አገባት ነበር። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሬያት የተኛሁ የተነሣሁ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ድምፅዋን ከረሳሁ፣ ቀጥሎ የምረሳው ምኗን ነው?

ለንስሐ አባቴም ሄድሁ። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፣ ግን «ልጄ» ነው የሚሉኝ። ጸሎት አገላብጠን ለጨዋታ በማዋላችን ኃጢአት ሆኖብን ይሆን ብዬ ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡና «ሴትየዋ ያለችው በትክክል ነው፤ ያገላበጠው ማሽኑ ነው፤ ማሽን ደግሞ ንስሐ አይገባም» አሉኝ። ድምፁ የማን ይሆን የሚለውን ሁለተኛውን ጥያቄ ስነግራቸው ግን አልቀለዱም። «እህትህ በሕይወት እያለች እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ?» አሉኝ።

በስልክ ልጠይቅሽ አስቤ ነበር። እንቅርትሽን በኦፕራሲዮን አስወጥተሽ ድምፅሽ ከጠፋ ወዲህ፣ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ ስንደዋወል እኔ አወራለሁ፣ አንቺ በጣትሽ ስልኩን ታንኳኪያለሽ፤ አንዴ ሲሆን አዎ፣ ሁለቴ ሲሆን አይደለም። ይህ ግን በአንድ ኳኳታ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ሙሉወርቅ በቴሌግራም ላክልን ብትለኝም ቤተሰብ ተሰብስቦ እንዲሰማው አልፈለግሁም። ስለዚህ ጎረቤታችን ሞሚና እሑድ ወደ አገር ቤት ስለምትበር ይህን ደብዳቤና አንዲት ትንሽ ስልክ ሰጥቻታለሁ። ስልኳ ውስጥ ያለው ያ ድምፅ ብቻ ነው። ብቻሽን ሆነሽ ስሚው።

ቅዳሜ ቢሩክና ጓደኞቹ ሞርስ ሮድ ካለው አዳራሽ ለድራማው አርባኛ ዓመት ይሰበሰባሉ። ቢሩክ በትልቅ ስክሪን ድምፁን ሊያሰማና ከሥሩ «ድምፅ፦ ፀደይ» ብሎ ሊጽፍ ነበር። ትናንት ኮል አድርጌ ስሟን እንዲያወጣው ነገርሁት። «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ፣ ጋሼ?» አለኝ። ባዶ ተወው፣ እኔ ቆሜ እናገራለሁ አልሁት። እንዲህ ነው የምለው፦ ያን ቀን እዚያ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ሚስቴ፣ አንዷ እህቴ፤ የማን ድምፅ እንደሆነ ግን አላውቅም። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ብዬ ጨርሻለሁ። ማታ ለህብረት ስነግራት «ዋይ ዱ ዩ ሃቭ ቱ ኖው፣ ዳድ?» አለችኝ፤ ለምን ማወቅ ይኖርብሃል ማለቷ ነው። ዛሬ ጠዋት መኪናዋን ስታስነሣ በመስኮት አየኋት። ድምፁን ከፍታው ሄዳ ይሁን አላውቅም።

ለጥያቄዋ መልስ አለኝ፤ ይህን ስጽፍልሽ ነው የመጣልኝ። የፀደይ ከሆነ አለን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያንቺ ከሆነ ግን ድምፁን ያጣሽው አንቺ ሆነሽ ሳለ እኔ ይዤብሽ ተቀምጬ እያለቀስሁበት ነው ማለት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ስሰማው አንዲት ቀን እንኳ የእህቴ ከሆነ ለእሷም ይናፍቃታል ብዬ አላሰብሁም። ይህን ይቅር በዪኝ። ደግሞ ልታጽናኚኝ ብለሽ «እሷ ናት» እንዳትዪኝ አደራ። ስልኳ እንደሆነ ያንቺው ናት፣ አትመልሻት።

ሙሉወርቅን እጅ ነሥቻለሁ በዪልኝ፤ አንቺን ስለምትጠብቅልኝ ሁልጊዜ በጸሎቴ አስባታለሁ። ባለቤቷን ዓለምን ወገቡን እንዲጠብቅ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሣ ንገሪልኝ። የግቢ ጎረቤቶችሽን ሁሉ በያሉበት ሰላም በዪልኝ። ለልጅ ልጅሽ ለሚልኪ ሞሚና ጃኬት ይዛላታለች፤ ልኳን በግምት ስለገዛሁት ቢሰፋት ለከርሞ ይሆናታል። ሚልኪ ዐሥር ዓመቷ አይደል? አንቺን በእጅሽና በዓይንሽ እንጂ በድምፅሽ አታውቅሽም። ብቻሽን ስሚው ያልሁሽ መጀመሪያ ነው። ሰምተሽ ያንቺ ከሆነ፣ ለእኔ ከመጻፍሽ በፊት እሷን ጥሪያት።

ወንድምሽ ጎሹ
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.