የእትዬ አስካለ ዝምታ

ሰኞ

ዛሬም አንድ ቃል አልወጣቸውም። እትዬ አስካለ፣ ስድስተኛ አልጋ። ለስፔሻሊስትነት ትምህርቴ ከሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ወደ አረጋውያኑ ክፍል ከተዛወርኩ ሳምንቴ ነው። እዚያ ጩኸቱ ነበር የሚያሰቃየኝ፣ እዚህ ደግሞ ዝምታው።

ልጃቸው ደረጀ ከመሪ ሰፈር በየቀኑ ይመላለሳል። እናቱ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሱባኤ ገብተው ሲመለሱ ዝም አሉ። ቤተሰቡ አርምሞ፣ የጸሎት ዝምታ፣ ይዘዋል ብሎ በክብር ተዋቸው። ጎረቤት እየመጣ ጉልበታቸውን ይስም ነበር አለኝ። ምግብ ሲተዉም ጾም መሰላቸው። ራሳቸውን ሲስቱ ነው ያመጧቸው።

እኔ ጎበዟ ካርዱ ላይ «የመርሳት በሽታ» ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ

ውሃም አልወርድ አላቸው። ግሉኮስ ላይ ናቸው። ደረጀ ወደ ቤት ልውሰዳቸው አለ፤ አርምሞውን ማስፈረስ ፈርቷል። ተናደድኩ። ከወሰድካቸው ይሞታሉ አልኩት፣ እንዲያው ፊት ለፊት። እስከ ሐሙስ ታገሠኝ ብዬ ለመንኩት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ረቡዕ



ጠዋት አስተማሪያችን ዶክተር ሰናይት መጡ። ካርዱን አላዩም። የእትዬ አስካለን ክንድ ቀስ አድርገው አነሱና ለቀቁት። ክንዱ አየር ላይ ቀረ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ እዚያው!

ካታቶኒያ። ሰውነትንም አንደበትንም ባሉበት የሚቆልፍ ሕመም። ተፈትኜ ኤ ያመጣሁበት ነገር ሳምንት ሙሉ ዓይኔ ሥር ተኝቶ አላወቅሁትም። አቤት ማፈሬ!

መርፌ ሰጠናቸው። ሌላውን ሰው በእንቅልፍ የሚጥል መድኃኒት ነው። አምስት ደቂቃ፣ ምንም። በሰባተኛው ደቂቃ ዓይናቸው ተርገበገበ። አሥር ሲሞላ ወደ እኔ ዞረው «ውሃ» አሉ።

ሌላው ተኝቶ የሚያድርበት መርፌ እሳቸውን ቀሰቀሰ። የምማረው ትምህርት እንዲህ ያለ ነገር እንዳለበት ማን ነገረኝ? እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ሐሙስ

የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ ትናንት ማታ ተመልሰው ተቆልፈው ነበር። ያጋጥማል አሉኝ ዶክተር ሰናይት፣ ይደገማል። ጠዋት በሁለተኛው መርፌ ተከፈቱ። ሦስት ማንኪያ አጥሚት ጠጡ። ሦስት!

ደረጀ ሊወስዳቸው ሻንጣ ይዞ መጣ። በትራስ ተደግፈው ሲያያቸው በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ከዚያ አልጋው ሥር ተንበርክኮ፣ «እማዬ፣ አርምሞሽን አስፈረስንብሽ?» አላቸው።

ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ጠበቅናቸው።

«የምን አርምሞ ልጄ? ልጠራችሁ አቅቶኝ ነው እንጂ።»

ደረጀ ፊቱን አልጋ ልብሱ ውስጥ ቀበረ። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። ነገም ይቆለፉ እንደሆነ አላውቅም። የስምንት ሰዓቱን መርፌ ራሴ ሰጠኋቸው።