ቴሌቪዥኑ የቆረጣቸው አራት ደቂቃዎች

ታምሬ፣ የቤቴ ጌታ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ አንተን ግን ጤናህን አልጠይቅህም። ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን ሁለቴ አስበናል፤ እኔ ግን እስካሁን አንድም ቀን ብዕር አንስቼ አልጻፍኩልህም። የምነግርህ ጠፍቶ አይደለም። አንተን ባሰብኩ ቁጥር ንዴቴ እየቀደመኝ ነው። ዛሬም አልበረደልኝም፤ ቢሆንም ካንተ ሌላ ለማንም የማልነግረው ወሬ አለኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ነገር። አሁንም እዚሁ አሜሪካ፣ ጋርላንድ ከተማ፣ እዚያው አፓርታማ ውስጥ ነን። ሮውሌት ሐይቁ አጠገብ እንገዛለን ያልከው ቤት ቀርቷል፤ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ግን ቤዛን ይዤ እሄድና ለዳክዬዎቹ ዳቦ እንበትናለን። ሃይዌይ መንዳት ለመድኩ ብልህ ታምነኛለህ? አጠገቤ ተቀምጠህ በሌለ ፍሬን ላይ እግርህን ትረግጥ የነበርክ ሰው፣ አሁን በየቀኑ ፕሌኖ ድረስ ነድቼ ሥራ ስገባ ብታይ አፍህን ትይዛለህ። የምሠራው አዛውንት በሚጦሩበት ቤት ነው፤ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ሲቆጡኝም ዝም እላለሁ። ቤዛ አሥራ አራት ዓመት ሞላት፤ ቁመቷ እኔን አልፏል። ቡናማዋን መኪና ሸጥኳት። የኋላ ጎማዋ ቀስ እያለ የሚተነፍስባትን እሷን። ያን ቅዳሜ ከሰዓት ንፋስ አስሞላት ብዬ ጨቅጭቄ የላክሁህ እኔ ነኝ። ይህንን ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፤ አንተን ግን ይቅር በለኝ ብዬህ አላውቅም። ይቅር በለኝ።

የሆነብህን አልደግምልህም፤ ያላየኸውን ግን ልንገርህ። ሁለቱ ነጭ ጎረምሶች ፒካፓቸውን አቁመው በቆዳ ቀለምህ ሲሰድቡህ፣ ከወደቅክ በኋላም እስኪደክማቸው ሲደበድቡህ፣ ንፋስ ልታስሞላ የሄድክበት ነዳጅ ማደያ ጣሪያ ላይ ካሜራ ነበር። ሁሉንም ቀድቶታል። አንተ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል አረፍክ፤ ገና ሳትቀበር ቴሌቪዥን ላይ ወጣህ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ቤቱን ሞልቶ ሳለ አንዱ ዜና ልስማ ብሎ ከፈተው። አንባቢዋ ምስሉ ሊረብሻችሁ ይችላል ብላ አስጠነቀቀች፤ ሰውም ሁሉ ወንበሩን አስጠጋ። አንተ ትወድቃለህ፤ ቀጥሎ የውሻ ምግብ ማስታወቂያ፤ ቀጥሎ ነገ ይዘንባል አይዘንብም። በማግስቱም እንዲሁ። ሳምንቱን ሙሉ ባሌን በእራት ሰዓት ሲጥሉት ሰነበቱ። ታምሬ፣ ያስታውከኝ ነበር። ለአባባል አይደለም የምልህ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አስታወክኩ።

እኛ እኮ የሞተ ሰው እንዴት እንደሚታይ እናውቃለን። ፎቶግራፉን ይዘን፣ ልብሱን አንስተን፣ እንዲህ ነበር፣ እንዲህ ይስቅ ነበር እያልን ነው የምናለቅሰው። እኔ ግራጫ ኮትህን ታቅፌ አለቀስኩህ። የቴሌቪዥን ሰዎች ለአገሩ ሁሉ አንስተው ያሳዩት አስፋልት ላይ የተጋደመውን ነው።

ሐቁን ልናገር፣ ካሴቱ ፍርድ ቤት ጠቅሞናል። ጎረምሶቹ ቀድሞ የመታን እሱ ነው ብለው ምለው ነበር። ለመፍረድ የተቀመጡት አሥራ ሁለት ሰዎች ካሴቱን አይተው ፈረዱባቸው። እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር፤ ሙሉውን እዚያም አላየሁትም። ለእነዚያ አሥራ ሁለት ሰዎች ይታይ፣ ደግ። ከዚያ ወዲያ ማን ሊያየው? ለምን?

ይህንን ነገር ከሚስ ሎሬታ ጋር ስንት ቀን ተጨቃጭቀንበታል። አብራኝ የምትሠራ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ በሐዘኔ ጊዜ ፈረቃዬን እየሸፈነች ያቆመችኝ ሴት። አንድ ቅዳሜ ፊልም ልጋብዝሽ ብላ ሲኒማ ወሰደችኝ። የባርነት ዘመን ታሪክ ነው። ሰውየውን ዛፍ ላይ አስረው ይገርፉታል፤ ጀርባው ቅርብ ተደርጎ ይታያል፣ ሙዚቃውም ያምራል። እሱ ነው ያንገፈገፈኝ፣ ማማሩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ባልና ሚስት ፈንዲሻቸውን ሳያቆሙ ያለቅሳሉ። መብራት ሲበራ እንባቸውን ጠርገው የት እንብላ ተባባሉ። እኔ ከዚያ ቤት ስወጣ ሰው ሁሉ ቆሽሾ ታየኝ።

ሚስ ሎሬታ አልተቀየመችም። መኪናው ውስጥ ተቀምጠን የአጎቷን ነገር ነገረችኝ። ልጅ እያለች እነሱ አገር፣ ከዚህ በስተምሥራቅ፣ ነጮች ገድለው ወንዝ ጣሉት፤ ሰምጦ ነው ተባለ። ቤተሰቡ ተገድሎ ነው ሲል ውሸታም ተብሎ ኖረ። "አንቺ ካሴት አለሽ" አለችኝ። "እኛ ያለን ወሬ ብቻ ነው።" እሷ ልክ ናት፤ እኔም ልክ ነኝ፤ ሁለታችንም በየፊናችን ተቃጥለን ቀረን።

አሁን ወደ ልጅህ ልምጣ። ቤዛ ተደብድበህ መሞትህን ታውቃለች። ካሴቱን ግን እንዳታይ ስንት ነገር ስዘጋ ኖሬያለሁ፤ የዜና ሰዓት ሲደርስ ቴሌቪዥኑን የማጠፋው እኔ ነኝ። ባለፈው የካቲት፣ ትምህርት ቤቶቹ የጥቁሮችን ታሪክ በሚያስተምሩበት ወር፣ አስተማሪዋ ከዜና የቀዳችውን ይዛ መጥታ ክፍሉን አጨልማ አሳየቻቸው። ከምስሉ ስር ታምራት ወርቁ ተብሎ ተጽፏል። ይቺ ሴት በየማለዳው ስም ስትጠራ ቤዛ ታምራት ትላለች። በየቀኑ ከአፏ የሚወጣውን ስም ስክሪኑ ላይ አላወቀችውም። እዚህ አገር አባትና ልጅ መሆን የሚታወቀው በመጨረሻው ስም ነው፤ አንተ ወርቁ፣ እሷ ታምራት፣ እኔ ደግሞ የአባቴ ስም ኃይሉ። በእነሱ መዝገብ ሦስታችን የማንተዋወቅ ሰዎች ነን።

ቤዛ አልጮኸችም፣ ተነስታም አልወጣችም። እስከ መጨረሻው አየች። ከዚያ እንደ ሌሎቹ ልጆች የተሰጣትን ወረቀት ሞላች። ለእኔ አልነገረችኝም፤ ወረቀቱን ከሦስት ቀን በኋላ ቦርሳዋ ውስጥ አገኘሁት። ምን አስተዋላችሁ ለሚለው ጥያቄ የጻፈችው አንድ መስመር ነው፤ "ጎማውን ነፍቶ አልጨረሰም" የሚል። አስተማሪዋ በቀይ እስክሪብቶ ጥሩ አስተውለሻል ብላ አርማላታለች።

ያን ወረቀት ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ማን እንደሆንኩ ስነግራት አስተማሪዋ ደነገጠችና አለቀሰች። ልጅ እግር ናት፣ ክፉም አይደለችም። አላወቅኩም፣ ስሙ ሌላ ነው፣ ልጆቹ እንዲሰማቸው ብዬ ነው አለች። ክፍሉ ውስጥ አምስት ጥቁር ልጆች አሉ፤ እነሱ እንዲሰማቸው ካሴት ያስፈልጋቸዋል ወይ አልኳት። ይባስ ብላ ተንሰቀሰቀች። በመጨረሻ ጀርባዋን እያሻሸሁ አይዞሽ ስል ራሴን አገኘሁት። እጄ የሥራ ልማዱ ነው። መኪናዬ ውስጥ ስገባ ራሴን ተጸየፍኩ፤ ባሌን አሳይታ፣ ልጄን አቁስላ፣ አባባይዋ እኔ!

ቤዛን ምን ብዬ እንደማነጋግራት ጨነቀኝ። አባቷ አሁን በዓይኗ አንድ መልክ ብቻ ነው ያለው ብዬ ፈራሁ። አንድ ምሽት ልብስ እያጣጠፍን ሳለን እሷው ጀመረችው።

"እማዬ፣ ቲቪው ኦልዌይስ ሲመቱት ነው ስታርት የሚያደርገው። ማለቴ፣ ከዛ በፊት ጎማውን ፊክስ ሲያደርግ ነበር አይደል? እሱን ነው ማየት የምፈልገው።"

እኔ በሁለት ዓመት ከአምስት ወር አንድ ቀን እንኳ ያላሰብኩትን! ጠበቃው ለፍርድ ቤት የቀረበውን ሙሉውን ካሴት ሰጥቶኝ ነበር፤ ከነፖስታው ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ከግራጫው ኮትህ ስር አኑሬዋለሁ። ከድብደባው በፊት ምን እንዳለበት ለጠበቃው ደውዬ ጠየቅኩት። ፒካፑ ከመድረሱ በፊት አራት ደቂቃ ከትንሽ አለ አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት መጋረጃውን ገልጠን፣ ቤዛ ሪሞቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ እኔ ፒካፑ ሳይደርስ እንድናቆመው የግድግዳውን ሰዓት ከፊቴ አድርጌ፣ ተቀመጥን።

ድምፅ የለውም። አንተ ቁጢጥ ብለህ ጎማውን ትነፋለህ፤ ትነካዋለህ፤ ደግሞ ትነፋለህ። አንዲት አሮጊት የሱቁ በር ሲከብዳት አይተህ ሮጥ ብለህ ከፈትክላት፤ የሆነ ነገር አለችህ፣ ሳቅክ። ተመልሰህ ቁጢጥ። ቀጥለህ ተነሳህና ያንን ጎማ ያጠቆረውን እጅህን በሱሪህ መቀመጫ ላይ ጠረግከው። በዚያ ነጣ ባለው ሱሪህ! ስንት ጊዜ ተጣላንበት፣ ታምሬ? ጠርገህ ስታበቃ ድንገት ትዝ አለህ መሰለኝ፣ አንገትህን አዙረህ የሱሪህን ኋላ ለማየት አንድ ዙር ዞርክ። ልታራግፈው ሞከርክ። ጭራሽ እድፉን አሰፋኸው። ከዚያ ዙሪያህን ቃኘህ፣ እኔ ቆሜ እያየሁህ እንዳይሆን።

እኔ ሳቅኩ። ቤዛም ሳቀች። ልጅህ እየሳቀች ሰዓቱንም እኔንም ሳትጠብቅ የማቆሚያውን ቁልፍ ተጫነችው።

አስተማሪዋ ይህን ሰምታ ለክፍሉ ላሳየው ብላ ጠይቃኛለች። አልሰጠኋትም። አንተን እስካሁን ያዩህ ይበቃቸዋል። ያቺን አራት ደቂቃ ለብቻዋ አስቀድቼ የቀረውን ለጠበቃው መለስኩለት፤ ሚስ ሎሬታ እንዳለችው አንድ ቀን የሚክድ ቢመጣ እሱ ዘንድ ይገኛል። እኛ ቤት ግን አይገባም። ሌላው ሰው አንተን ከመውደቅህ ጀምሮ ይወቅህ። እኔና ቤዛ እስክንሞት የምናስብህ ቆመህ ነው፣ ሱሪህን አቆሽሸህ፣ እኔን ፈርተህ።

የጎማው ነገር ደግሞ፣ ልጅህ ተሳስታለች። ጨርሰኸዋል። የመንፊያውን ክዳን ስትገጥም ካሴቱ ላይ አይቼሃለሁ።

ሚስትህ
ሰናይት