በግፊ ስለምትነሳው «ጉና»

ሰኔ 12 ቀን 2009 ዓ.ም.
ደብረ ታቦር

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ከኪስዎ ተለይቶ የማያውቀው ማኅተምዎ እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ መኪናችን «ጉና» ከአገር እንዳትወጣ ከከለከሉባት ከማክሰኞ በስተቀር እጅግ ደህና ነን።

እኔ በርና መስኮት በያጅ ነኝ። ከባጃጅ ሹፌሩ ከደምሴና ከአውቶ መካኒክ መምህሩ ከይርዳው ጋር፣ ከወደቀ አይሱዙ ሞተርና ከበር ላሜራ ሦስት ዓመት ለፍተን የሠራናት አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና ናት፤ ጉና። በነሐሴ አሜሪካ ውስጥ በጨው ሜዳ ላይ ለሚደረግ የፍጥነት ውድድር ተመዝግባለች። ኮንቴይነሩ የዛሬ ሳምንት ይነሳል፤ የቀራት የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። ግንቦት ላይ ፎገራ ሜዳ ወርደን፣ ፖሊስ መንገድ ዘግቶልን ስንሞክራት በሰዓት 187 ኪሎ ሜትር በረረች። ደምሴ ከወረደ በኋላ እስከ ምሳ ድረስ ሳቁን ማቆም አቃተው። እኔም ብየዳዬ ሳይላቀቅ ስለተመለሰ በአስፋልቱ መሐል እልል አልኩ፤ ዛሬም ሳስበው እግሬ መሬት አይረግጥም።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ከደምሴ ሌላ ድመት እንኳ በማትይዝ መኪና ውስጥ «ትርፍ ሰው መጫን ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ እንዲለጠፍ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ለጥፈናል፤ ደምሴም እየነዳ ያነበዋል።

2. መኪናዋን የሚያቆመውን ፓራሹት «ያልተፈቀደ ጭነት» ብለው ስለመዘገቡልን እናመሰግናለን። በእርግጥ ከነጭ የድንኳን ሸራ ስለሰፋነው ጥፋቱ የእኛም ነው፤ በሙከራው ዕለት ሲዘረጋ የአካባቢው ሰው የለቅሶ ድንኳን የተጣለ መስሎት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቅሶ ሊደርሱን መጡ። ማንም እንዳልሞተ ሲረዱ ትንሽ ቅር አላቸው፤ ከመጡ አይቀር ብለው ግን መኪናዋን ገፍተው አስነሱልን።

3. ዋናው ምስጋናዬ «ያለ ሰው ግፊ አትነሳም» ብለው ስለጣሏት ነው። ማርሿ የተሠራው ለፍጥነት ስለሆነ ሲነሱ መገፋት በውድድሩ ደንብ የተፈቀደ መሆኑን አስተርጉመን አያይዘንልዎት ነበር። እርስዎ ግን ወረቀቱን ሳይገልጡ፣ «በግፊ የሚነሳ መኪና የአገር ስም ያጎድፋል» አሉን። ይህን ብለው ወደ መሥሪያ ቤትዎ መኪና ገቡ፤ አልነሳ አለ። ጠዋት ጠዋት እንደለመድነው ሦስታችን ገፋንዎት፤ የመምህራን ሰፈርን ዳገት ሳይቀር።

ክቡር ሆይ፣ አንድ ነገር ሳላሾፍ ልናገር። ይህ ኮንቴይነር ካመለጠን ሌላ ዓመት መጠበቃችን ነው፤ እኔ ደግሞ በእጄ የበየድኳት መኪና በዚያ ነጭ ሜዳ ላይ ስትሮጥ ለማየት እንቅልፍ አጥቻለሁ። እባክዎ ይፈርሙልን።

እርስዎን ስገፋ ወገቤ ስለለመደው፣ ያለ ምንም ችግር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎት፣

ጌጤ ይሻው፣ በያጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሦስታችንም የአገር ስም እንዳይጎድፍ ስለሰጋን፣ ከረቡዕ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እርስዎን መግፋታችንን አቁመናል። በነገራችን ላይ ደምሴ በበሩ በኩል ሲገፋ መስተዋትዎ ላይ «ተመርምሮ አልፏል» የሚል ወረቀት አንብቧል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው፤ እኛም የለመንነው ያንኑ ፊርማ ነው።